ዝገቱ ከየት መጣ? የሞዴል ታንክ ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የአንባቢያን ዓምዳችን ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱንን፣ የብረት ለበስ ተሽከርካሪ ሞዴሎችን ስለ መገጣጠምና የአገልግሎት መልክ ስለ ማስያዝ የቀረቡ ጥያቄዎች እንመልሳለን። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ አጠቃለናል።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ በ1 ለ 35 ልኬት የተዘጋጀ የቲ-55 ታንክ ሞዴል ላከልኝ። ማጣበቂያውና ቀለሙ ግን ሻንጣ ሲፈተሽ ስለ ተያዙበት የደረሰኝ ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ጎንደር ውስጥ በሚገኝ ነገር ልሠራው እችላለሁ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ይችላሉ። ተቀጣጣይ ፈሳሽ በመንገደኛ ሻንጣ እንዲጫን ስለማይፈቀድ ይህ ችግር የብዙዎቻችን ነው። ሞዴሉ የተሠራበት ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። ለእርሱ ተብሎ የሚሸጠው ማጣበቂያ እንደ ኮላ በሁለት ነገሮች መካከል ገብቶ የሚደርቅ ሳይሆን፣ ሁለቱን ጠርዞች ለአፍታ አቅልጦ አንድ ካደረጋቸው በኋላ ተንኖ የሚጠፋ ፈሳሽ ነው። ይህንኑ ሥራ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ቲነር ይሠራዋል። ሁለቱን ክፍሎች ገጥመው እንደያዙ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጥቂት ቲነር መጋጠሚያው ላይ ቢያስነኩ ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይሮጣል፤ ለጥቂት ሴኮንዶች ጫን አድርገው ይያዙትና ሙሉ ጥንካሬ እንዲያገኝ እስከ ማግሥቱ ይተዉት። ከበዛ ግን ጣትዎ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ይለሰልስና አሻራዎ ታንኩ ላይ ታትሞ ይቀራል። ክፍሎቹ ተያይዘውበት የሚመጣውን ትርፍ የፕላስቲክ ዘንግ ከታትፈው በብርጭቆ ዕቃ ቲነር ውስጥ ካሳደሩት ደግሞ ወፈር ያለ የስንጥቅ መሙያ ይሆንልዎታል። እኔ ከስቱኮ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ፤ ሲደርቅ ከሞዴሉ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚሆን በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ እኩል ይበላል።

ቀለምን በተመለከተ፣ የግድግዳ ቀለም ዱቄቱ ሻካራ ስለሆነ ቡሎኖቹንና የብየዳ መስመሮቹን ይደፍናቸዋል። የሥዕል ተማሪዎች የሚገዙት በቱቦ የታሸገ የአክሪሊክ ቀለም ይበቃዎታል። አስቀድመው ክፍሎቹን በለብታ ውሃና በሳሙና ይጠቡ፤ ከፋብሪካው የቅርጽ ማውጫ የተረፈ ቅባት ካለባቸው ቀለሙ አይዝም። ከዚያም ቀለሙን በውሃ አቅጥነው ሦስትና አራት ጊዜ ስስ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ማስከተል አይገባም። አረንጓዴውንም ከእውነተኛው ታንክ ጥቂት ነጣ ያድርጉት። 9 ሜትር ርዝመት የነበረው ታንክ ከነመድፉ ወደ 26 ሴንቲሜትር ሲወርድ ያው ቀለም ለዓይን ጨለም ብሎ ይታያል።

ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስሱ ይቀቡና ወደ ጥላው ሥራ ይለፉ። ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በቱቦ ገዝተው ካርቶን ላይ ጥቂት ጨመቅ ያድርጉና ለአንድ ሰዓት ይተዉት፤ ካርቶኑ የተልባ ዘይቱን ስለሚመጠው ቀለሙ ሲደርቅ አያብለጨልጭም። ከዚያ የቤት ቀቢዎች የዘይት ቀለም በሚያቀጥኑበት አኳራጅ እንደ ቀጭን ሻይ እስኪሆን ያቅጥኑት፤ በቲነር ግን በፍጹም አያቅጥኑት፣ የደከሙበትን ሁሉ ይበላዋል። በብሩሽ ጫፍ የቡሎኑን ሥር ብቻ ሲነኩት ቅልቅሉ ቡሎኑን ዞሮ ጥላ ይሠራል። ለስላሳው ቫርኒሽ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ ሻካራ ገጽ ላይ ግን ቅልቅሉ አይሮጥም፣ እንደ ፈሰሰ ቡና ክብ ነጠብጣብ ትቶ ይደርቃል። ትርፉን አኳራጅ ባራሰው ንጹሕ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይጥረጉ፤ የሚቀረው ጭረት ዝናብ ያወረደው እድፍ ይመስላል። በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሲቀቡበት ውበቱ ይጠናቀቃል። በክረምት የሚረጭ ቫርኒሽ ከተጠቀሙ ዝናብ በማይዘንብበት ሰዓት ይሁን፤ እርጥብ አየር ገጹን ያነጣዋል።

ጥያቄ፦ ሞዴሌን እውነተኛ ለማስመሰል ከደምቢያ ያመጣሁትን ዋልካ አፈር በኮላ ለውሼ ሰንሰለቱና ፓራፋንጎው ላይ ለጠፍኩት። ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ረገፈ፤ ያልረገፈውም ድንጋይ መሰለ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ የበዛበት አፈር ስለሆነ በበጋ እርሻ ላይ የሚያደርገውን ነው ሞዴልዎ ላይ ያደረገው። ድንጋይ የመሰለው ደግሞ በልኬቱ ምክንያት ነው። በ1 ለ 35 ልኬት 1 ሚሊሜትር የምታህል ቅንጣት በእውነተኛው ታንክ ላይ የ3.5 ሴንቲሜትር ጠጠር ማለት ናት። ስለዚህ በወንፊት መንፋት ብቻ አይበቃም። አፈሩን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በደንብ በጥብጠው ግማሽ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት፤ አሸዋው ይዘቅጣል። ድፍርሱን ውሃ ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ያሳድሩት። በማግሥቱ ከላይ የጠለለውን ቀስ ብለው ካፈሰሱ በኋላ ከሥር የቀረውን ጭቃ ፀሐይ ላይ አድርቀው ሲፈጩት በጣት ሲያሹት የማይሻክር ልም ዱቄት ያገኛሉ።

ይህንን ዱቄት ለአቧራ በደረቁ በብሩሽ ነስንሰው፣ ከጎኑ ጥቂት አኳራጅ አስነክተው እንዲሰርጽ ካደረጉ በኋላ እንዲደርቅ ይተዉት። በጥቂቱ ይይዛል እንጂ ጣት ሲነካው ይለቃል፤ ስለዚህ የመጨረሻ ሥራዎ ይሁን። ለወፍራም ጭቃ ከሆነ ግን ዋልካውን ብቻውን አይጠቀሙ፤ ከጄሶና በጣም ከደቀቀ የእንጨት ብናኝ ጋር ቀላቅለው፣ ኮላውን በውሃ አቅጥነው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በስስ ድርብርብ ይሥሩት። ኮላ አፈርን እንደሚያጠቁር ያስታውሱና ከሚፈልጉት መልክ ነጣ ያለ ቅልቅል ያዘጋጁ። ደግሞም የደምቢያን ጥቁር ጭቃና የቦረቦርን ቀይ አቧራ በአንድ ታንክ ላይ ባንድ ላይ ከማየት የከፋ ነገር ጥቂት ነው፤ ታንኩ ከየት እንደመጣና ወሩ ምን እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ታንኬን በደንብ አዝጌዋለሁ ብዬ ለጓደኞቼ ባሳያቸው ሁሉም «የወደቀ ብረት» አሉት። የሚዋጋ ታንክ አይዝግም ማለት ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ይዝጋል፤ ነገር ግን እርስዎ ባዛጉት ቦታና መልክ አይደለም። ጓደኞችዎ ትክክል ናቸው። በአገልግሎት ላይ ያለ ታንክ የሚጠብቁት ሰዎች አሉት፤ ቀለሙ ሲነሳ መልሰው ይቀቡታል፣ ግራሶና ናፍጣ ይነካካዋል። ቀለም የተላጠበትና እየተነካካ የቆየ ወፍራም ብረት በአብዛኛው የሚይዘው ጥቁር ቡናማ መልክ ነው እንጂ ደማቅ ብርቱካናማ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው «የት ላዝገው» ሳይሆን «እዚህ ቦታ ላይ ምን ሆነ» መሆን አለበት። ሠራተኞቹ የሚወጡበትና የሚወርዱበት የፓራፋንጎ ጠርዝ፣ የመግቢያው ክዳን ዙሪያና እጀታዎቹ በጫማና በእጅ ይላጣሉ። የመድፉ አፈሙዝ ግን ማንም አይረግጠውም፤ እዚያ ላይ የሚያዩት የተላጠ ቀለም ከሥዕል የተቀዳ ልማድ ነው። በቲ-55 ላይ የጭስ ማውጫው በግራው ፓራፋንጎ ወደ ኋላ ስላለ ጥላሸቱና የዘይት እድፉ በዚያ በኩል ይበዛል፤ በሁለቱም ጎን እኩል ጥላሸት የተቀባ ቲ-55 ካየሁ ሠሪው ፎቶግራፍ አላየም እላለሁ። ሰንሰለቱ መሬትን የሚረግጥበት ፊትና መንኮራኩሮቹ የሚሄዱበት መስመር ተፍቀው ያበራሉ፤ የቀረው ቡናማና አቧራማ ነው። ለዚያ ማብራት የተላጨ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጣት ማሸት ከማንኛውም የብር ቀለም ይበልጣል።

መላጡን ለመሥራት ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ጥቂት ቦጭቀው በወረንጦ ይያዙ፣ ጥቁር ቡናማ ቀለም አስነክተው አብዛኛውን ወረቀት ላይ ከጠረጉ በኋላ ጠርዞቹን ነካ ነካ ያድርጉ። እጅዎን ቶሎ ያንሱ፤ በዚህ ሥራ ሰው የሚበላሸው ከማነስ ሳይሆን ከመብዛት ነው።

ደማቅ ብርቱካናማ ዝገት የሚፈልጉ ከሆነ የተቃጠለ ታንክ ይሥሩ። እሳት ቀለሙን ስለሚያነሳው ዕርቃኑን የቀረው ብረት ዝናብ ሲያገኘው ወዲያው ይቀላል፤ የመንኮራኩሮቹ ጎማ ነድዶ ነጭ አመድ ይተዋል፣ መንኮራኩሮቹም በቀጥታ የሰንሰለቱ ብረት ላይ ስለሚያርፉ ታንኩ ዝቅ ይላል። ኃይለኛ እሳት የታንኩን ክብደት የሚሸከሙትን ቶርሽን ባር የተባሉ የብረት ዘንጎች ጥንካሬ ካጠፋውም አካሉ ወደ መሬት ይጠጋል። ብዙዎች ቀለሙን አቃጥለው ታንኩን በሙሉ ቁመቱ ያቆሙታል፤ ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም ስሕተቱን ያውቀዋል። ለማመሳከሪያ የታተሙ ፎቶግራፎችን ይጠቀሙ፤ መንገድ ዳር የሚታይ ወታደራዊ ተሽከርካሪን ቀርቦ ፎቶ ማንሳት ለሞዴል ሲባል የሚደፈር ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ታንክ ሲያጣብቅ ይውላል። ሽታው ያሳስበኛል፤ ልከልክለው? (አንዲት እናት፣ ከቀሐ)

መልስ፦ እናት፣ ሥራውን ሳይሆን የተዘጋውን በር ይከልክሉ። የቲነር ትነት ራስ ያዞራል፣ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱትም ይጎዳል። በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ ተከፍቶ ይሥራ፤ ከከሰልና ከምድጃ ይራቅ፤ ቲነሩ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፣ ታናናሾች ይጠጡታልና። ምላጩንም እርስዎ ይያዙለት ማለቴ አይደለም፣ ነገር ግን ወደ ራሱ እንዳይቆርጥ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ በቤታችን ባለ አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ታንክ ቲ-55 ይሁን ቲ-62 መለየት አልቻልኩም። ሞዴሉን ለማዘዝ ፈልጌ ነው። (ከአራዳ)

መልስ፦ ሁለቱም በእያንዳንዱ ጎን አምስት ትልልቅ መንኮራኩሮች አሏቸው፤ ልዩነቱ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። ሰፊው ክፍተት በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ከሆነ ቲ-54 ወይም ቲ-55 ነው፤ የኋለኞቹ ሦስቱ ተራርቀው ከቆሙ ቲ-62 ነው። መንኮራኩሩ ካልታየ መድፉን ይመልከቱ፤ በቱቦው ላይ ያለው ወፍራም የጭስ መሳቢያ ጫፉ ላይ ከሆነ ቲ-55፣ ወደ ኋላ ገባ ያለ ከሆነ ቲ-62 ነው። ፎቶግራፉ ከ1969 ዓ.ም. በፊት በነበሩ ዓመታት የተነሳ ከሆነ ግን የአሜሪካ ሥሪት የሆነው ኤም-41 ሊሆን እንደሚችል አይዘንጉ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ይጠቀምበት ነበር።

ጥያቄ፦ የ1934ቱን የጎንደር ውጊያ የሚያሳይ ትዕይንት ልሠራ አስቤአለሁ፤ ከበስተ ጀርባ የፋሲልን ግንብ፣ ከፊት የኢጣሊያ ታንክ ላድርግ? (ከአንገረብ)

መልስ፦ ስለ ግንቡ አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ወደ 32 ሜትር ከፍታ አለው ስለሚባል በ1 ለ 35 ልኬት ከ90 ሴንቲሜትር ያልፋል። ጠረጴዛ ሳይሆን ክፍል ያስፈልግዎታል። እኔ ብሆን ከከተማው ወጥቼ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ያለውን የኢጣሊያኖች ምሽግ፣ ቁልቋል በርን እመርጣለሁ። ያ ምሽግ የተያዘው በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኢጣሊያ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ናዚ ጎንደርን ያስረከበው ከስድስት ቀን በኋላ ኅዳር 18 ነበር። በዚያ ዕለት ወደ ከተማው ዳርቻ ዘልቀው የገቡት በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረው የኬንያ ብረት ለበስ መኪና ሬጅመንት ተሽከርካሪዎች ስለነበሩ ከታንክ ይልቅ ብረት ለበስ መኪና ለትዕይንቱ ይቀርባል።

የኢጣሊያን ታንክ የግድ ከፈለጉ ኤል-3 የምትባለውን ትንሿን ይውሰዱና ትዕይንቱን ወደ 1928ቱ ወረራ ይመልሱት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የሚሽከረከር ራስ የሌላት፣ መትረየሷ ወደ ፊት ብቻ የምትመለከት ነበረች፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ደምበጉና ላይ ከኋላና ከጎን እየቀረበ ያሸነፋት በዚህ ምክንያት ነው። ቁመቷ 1.3 ሜትር ያህል ስለሆነ በሞዴል 3.7 ሴንቲሜትር ትሆናለች፣ ከአጠገቧ የሚቆመው አርበኛ ግን ወደ 5 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ሰውየው ከታንኩ በላይ መታየት አለበት፤ በብዙ ትዕይንቶች ግን ታንኳን ትልቅ ለማስመሰል ሲባል ሰዎቹን አጎንብሰው አያለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ ወሩ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ሣሩ ቢጫ ነው፣ አደይ አበባ የለም፣ ጭቃም የለም። ከላይ ለአዘዞው ጠያቂ የነገርኳቸውን የአፈር ዱቄት በደረቁ፣ ከታች አብዝተው ወደ ላይ እያሳሱ ይነስንሱ፤ ቁልቋሉንም ከሽቦና ከጄሶ ሠርተው በመንገዱ በኩል ያለውን ጎኑን ብቻ አቧራ ያልብሱት።