የለመድነው የሜኑ አቀማመጥ የማን ንብረት ነው?

ጥያቄ፦ የምሠራው የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቻችን የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር ለዓመታት ሲጠቀሙ ስለቆዩ፣ የእኛም ሜኑ በዚያው ቅደም ተከተልና በእነዚያው የትእዛዝ ስሞች እንዲሠራላቸው ይጠይቃሉ። ሥራ አስኪያጃችን ተስማምተዋል፤ እኔ ግን የሰው ላብ የምወስድ መስሎ ይሰማኛል። ተፎካካሪያችን ቢከሰን፣ የሕጉ ነገር ቆይቶ፣ በሥነ ምግባር እውነቱ ከማን ጋር ነው?
ፕሮግራመር፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ኮዳቸውን እስካልገለበጣችሁ፣ በስማቸውና በምልክታቸውም እስካልነገዳችሁ ድረስ፣ የሰው ላብ ወሰዳችሁ አልልም፤ ይልቁንም በዚህ ብቻ ፍርድ ቤት የሚሄደው ድርጅት ነው መጠየቅ ያለበት። ምክንያቴን ለማስረዳት በአሜሪካ ሎተስና ቦርላንድ የተባሉ የሶፍትዌር ድርጅቶች ያደረጉትን ክርክር ላንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ የቀረበው ሎተስ 1-2-3 በዘመኑ የስፕሬድሺት፣ ማለትም ቁጥሮችን በረድፍና በዓምድ የሚያሰሉ፣ ሶፍትዌሮች አውራ ነበር። ተጠቃሚው የስላሽን ቁልፍ ሲነካ የትእዛዞቹ ዝርዝር ከላይ ይመጣል፤ ቀጥሎ ኤፍን፣ ከዚያም ኤስን ሲጫን ፋይሉ ይቀመጣል። ይህን በየቀኑ የሚያደርግ የሒሳብ ሠራተኛ ውሎ አድሮ ስክሪኑን ማየት አያስፈልገውም፤ ጣቱ ይለምደዋል። የሚደጋገሙ ሥራዎችንም በእነዚሁ ፊደላት ማክሮ፣ ማለትም በአንዴ የሚፈጸም የትእዛዞች ሰንሰለት፣ አድርጎ ስለሚጽፍ፣ ትእዛዞቹ የሌሉበት ሶፍትዌር ሲገዛ ራሱ የደከመባቸው ማክሮዎች ሁሉ ከንቱ ይሆኑበታል።

ቦርላንድ ይህን አይቶ ኳትሮ ፕሮ በተባለው የራሱ ስፕሬድሺት ውስጥ 469ኙን የሎተስ ትእዛዞች ከነአደረጃጀታቸው በአማራጭነት አስገባ፤ ከኮዱ ግን ምንም አልወሰደም። ሎተስ በ1990 ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤት ቢፈርድለትም፣ በቦስተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1995 ያንን ሻረው፤ ሜኑው እንደ ቪዲዮ ማጫወቻ ቁልፎች የአሠራር ዘዴ በመሆኑ በቅጂ መብት አይጠበቅም ሲል ወሰነ። በ1996 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አራት ለአራት ስለተከፈሉ ይኸው ፍርድ ጸና።

ከውሳኔው በላይ እኔን ያሳመነኝ ከይግባኝ ሰሚው ዳኞች አንዱ የነበሩት ማይክል ቡዲን ለብቻቸው ያሰፈሩት ሐሳብ ነው። አንድ ድርጅት ይህን አደረጃጀት በብቸኝነት ከያዘው፣ የለመዱት ሰዎች የእርሱ እስረኞች ይሆናሉ፤ የታይፕ ፊደል አቀማመጥ የአንድ አምራች ብቻ ቢሆን ጸሐፊዎች እንደሚሆኑት ማለት ነው። ክርክሩ በሁለት ድርጅቶች መካከል ቢመስልም፣ የሚያዘው የሦስተኛ ወገን ድካም ነው። ሎተስ ለፈጠራው ዋጋውን ሶፍትዌሩን ሲሸጥ አግኝቷል፤ ለመልመድ የጠፋውን ጊዜ ግን የከፈለው ተጠቃሚው ነው። ሎተስ ራሱም ቢሆን በ1979 የወጣው ቪዚካልክ የተባለ ቀደምት ስፕሬድሺት በጠረገው መንገድ ላይ የተጓዘ ነበር።

ክሱ ራሱ ጉልበት መሆኑም ያሳስበኛል። የቦርላንድ ጉዳይ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጅቷል። ከእርሱ በፊት በሎተስ የተከሰሰውና ተመሳሳይ ሶፍትዌር በርካሽ ይሸጥ የነበረው ፔፐርባክ ሶፍትዌር በ1990 ተረትቶ ምርቱን ከገበያ አውጥቷል፤ የቦስተኑ ውሳኔ አምስት ዓመት ዘግይቶ ለእርሱ ምን ይፈይድለታል?

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ሲሰጥ፣ ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ነገር ግን የሥዕል ምልክቶቻቸውን፣ የመመሪያ ጽሑፋቸውን ወይም ደንበኛን የሚያሳስት ተመሳሳይ ገጽታ መውሰድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚያ ቢከሷችሁ እኔም ከእነርሱ ጋር እቆማለሁ። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጅዎ ይህን ይንገሯቸው፦ የራሳችሁን ሜኑ ሥሩ፤ የተለመደውን ደንበኛው ሲፈልግ የሚመርጠው አድርጉት፤ የእገዛ ጽሑፉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳችሁ ጻፉ።