ከጃፓን የሚመጣ ሲልቪያ ወይስ እዚሁ የተሸጠው 240ኤስኤክስ?

ጠያቂው ወንድማችን ቨርጂንያ ነው ያለው። ጥያቄውን ላሳጥረው። ኒሳን 240ኤስኤክስ እዚሁ አሜሪካ ልግዛ ወይስ ኤስ15 የተባለውን የኒሳን ሲልቪያ ትውልድ ከጃፓን ላስመጣ? ለጃፓን ገበያ የተሠራው ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ? መጨረሻ ላይም "አንድ ቀን አዲስ አበባ ይዤው ብገባስ?" ብሏል።

ከእኔ በፊት የተሰጡትን መልሶች አየኋቸው። ግማሹ ጃፓን የቀረው ሁሉ ምርጥ ነው ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ቀኝ መሪ ምን ያደርግልሃል ይላል። እኔ የኒሳኑን አር32 ስካይላይን ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ጂቲኤስ-ቲውን ነው፣ ውዱን ጂቲ-አሩን አይደለም፤ ኪሴን አውቃለሁ። ጓደኞቼ ሲያስመጡም ወረቀቱን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ፣ ለሲልቪያ ከሆነ አዎ፣ ልዩነቱ እውነት ነው። ለሁሉም መኪና ግን አይሠራም። አንዳንዱ ላይ እንዲያውም አሜሪካ የተሸጠው ይበልጣል። የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ የጃፓንን ሕግ ማየት ይበቃል።

ጃፓን ውስጥ መኪና በመጠን ይከፈላል። ርዝመቱ ከ4.7 ሜትር፣ ወርዱ ከ1.7 ሜትር፣ ሞተሩ ከ2,000 ሲሲ ካላለፈ "አምስት ቁጥር" ታርጋ ይሰጠዋል። ከአንዱ ካለፈ "ሦስት ቁጥር" ይሆናል። እስከ 1989 ድረስ የሦስት ቁጥር መኪና ዓመታዊ ግብር ከእጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ሞተር ከማሳደግ ይልቅ ትንሹን ሞተር ማስጨነቅ ያዙ። ቱርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ፣ ይገጥሙለታል፣ ባለ ብዙ ቫልቭ ያደርጉታል። አሜሪካ ደግሞ በሲሲ ግብር የሚጠይቅህ የለም። ቤንዚኑም ርካሽ ነው። እዚህ የሚፈለገው ገና ሲነሳ የሚጎትት፣ ጣጣ የሌለው ትልቅ ሞተር ነው። አንዱ መኪና ሁለት ሞተር ያገኘው በዚህ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1969 የኒሳኑ ዳትሰን 240ዜድ ለአሜሪካ ሲወጣ 2.4 ሊትር ነበር። እዚያው ጃፓን "ፌርሌዲ ዜድ" ተብሎ የተሸጠው 2 ሊትር ነው። ግን ጃፓኖቹ ለራሳቸው አንድ ነገር አስቀርተዋል፤ ዜድ432 የሚባለውን። የመጀመሪያውን የስካይላይን ጂቲ-አር ሞተር የተሸከመ ነው። ዛሬ ዋጋውን ስታይ መኪናውን ትተህ ቤት ትገዛለህ።

ሁለተኛው ሕግ እንኳን ሕግ አይደለም፣ ስምምነት ነው። ከ1989 ጀምሮ የጃፓን አምራቾች ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለመጻፍ ተስማምተው ነበር። እስከ 2004 ቆየ። ስካይላይን አር34 ጂቲ-አር ወረቀቱ ላይ 280 ይላል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ በላይ ይሰጣል። አንዳንዶቹ ግን ከልባቸው አክብረውታል። ቶዮታ ሱፕራን ውሰድ፣ ከ1993 ጀምሮ ያለውን። የጃፓኑ 280 ነው፣ የአሜሪካው 320። የጃፓኑ ቱርቦ ውስጡ ሴራሚክ ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ ግፊት ስትጨምርበት ግን ይሰበራል። የአሜሪካው ብረት ነው፣ የቤንዚን መርጫውም ትልቅ ነው። የጃፓኑ ሱፕራ ረከስ የሚለው በመሪው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኒሳን 300ዜድኤክስ ባለ ሁለት ቱርቦውም እንደዚያው ነው። አሜሪካ 300፣ ጃፓን 280። ለእነዚህ ሁለቱ ውቅያኖስ ማቋረጥ ለምን?

ማዝዳ አርኤክስ-7 ትንሽ ለየት ይላል። ሦስተኛው ትውልድ አሜሪካ የተሸጠው ከ1993 እስከ 1995 ብቻ ነው። ጃፓን እስከ 2002 ቀጥሎ፣ እየተሻሻለ 280 ደረሰ። የመጨረሻዎቹን ከፈለግክ ጃፓን ብቻ ነው የምታገኛቸው። ከዚያ በፊት ያለውን ከሆነ እዚሁ ግራ መሪውን ፈልግ። ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ የ1997ቱ፣ አሜሪካ ጨርሶ አልመጣም። 1.6 ሊትር ሆኖ፣ ያለ ቱርቦ፣ 185 ፈረስ። እሱ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ አንተ። 240ኤስኤክስ እና ሲልቪያ ላሜራቸው ወንድማማች ነው፣ ሞተራቸው ግን አይተዋወቅም። አሜሪካ የመጣው 2.4 ሊትር ነው፤ ያው ቤተሰብ ሞተር የኒሳን ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ 140፣ ከ1991 ጀምሮ 155 ፈረስ። ጠንካራ ነው፣ አያስቸግርም፣ ግን ዘፈን የለውም። የጃፓኑ ኤስ13 (ኤስ13፣ ኤስ14፣ ኤስ15 የሲልቪያ ተከታታይ ትውልዶች ናቸው) በ1988 ሲወጣ ባለ ቱርቦ 1.8 ሊትር ነበር። ከ1991 ጀምሮ ኤስአር20ዲኢቲ ገባለት፤ 2 ሊትር፣ ቱርቦ፣ 205 ፈረስ። ኤስ14 ላይ 220፣ ኤስ15 ስፔክ-አር ላይ 250። ቱርቦ የሌላቸውም አሉ፣ ተጠንቀቅ። ኤስ13 እና ኤስ14 ላይ ባለ ቱርቦው "ኬስ" የሚባለው ነው። ኤስ15 ላይ "ስፔክ-ኤስ" ካለህ ቱርቦ የለውም፣ 165 ፈረስ ነው።

ኤስ15 ከሌሎቹ የሚለይበት ሌላም ነገር አለው። ኤስ14 ወርዱ 1.73 ሜትር ነበር፣ በሦስት ሴንቲሜትር ሦስት ቁጥር ሆነ። ግብሩ ቀሎ እንኳ ደንበኛው "ወፈረ" ብሎ ሸሸው። ኒሳን ኤስ15ን በ1999 ሲያወጣ ወደ 1.695 መለሰው። ጠባብ፣ አጭር፣ የተወጠረ መኪና ነው። ስትነዳው ወዲያው ይገባሃል። አሜሪካ በይፋ አልተሸጠም። ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ግን 200ኤስኤክስ ተብሎ ሄዷል።

የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው መኪና ለመግባት 25 ዓመት መሙላት አለበት ይላል፤ የሚቆጠረውም መኪናው ከተመረተበት ወር ነው። የሞዴሉ ዓመት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ኤስ15ዎች ከ2024 ጀምሮ መግባት ጀምረዋል። ምርቱ ያበቃው በ2002 ነሐሴ፣ ማለትም ኦገስት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ እስከ 2027 ይጠብቃሉ። የጃፓን ወረቀት የሚያሳይህ መጀመሪያ ታርጋ የወጣበትን ወር ነው። የተመረተበት ወር ቀደም ሊል ይችላል። ወሩ ሳይሞላ ወደብ ከደረሰ ግን ጉድህ ነው፤ ይመለሳል ወይ ይጨፈለቃል። የጉምሩኩን፣ የትራንስፖርቱንና የአካባቢ ጥበቃውን ፎርም ትራንዚተሩ ይሞላልሃል። ቀረጡ ስለሚለዋወጥ የሳምንቱን ከእሱ ጠይቅ።

ካሊፎርንያ ያላችሁ፣ የፌዴራሉ 25 ዓመት ከጭስ ምርመራ አያድናችሁም። እዚያ የ1975 እና ከዚያ በፊት የሆነ ብቻ ነው ነፃ። ለሌላው ላቦራቶሪ አለ፣ ሒሳቡም ያስደነግጣል። ቨርጂንያ ላለ ሰው ይህ አያስጨንቅም።

ዋናው ሥራ መኪናውን መምረጥ ነው። ጃፓን ውስጥ ያገለገለ መኪና በብዛት የሚያልፈው በነጋዴዎች ጨረታ ነው። አንተ አትገባም፣ አባል የሆነ ደላላ ይጫረትልሃል። የጨረታው ፈታሽ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ገጽ ይሞላል። ከላይ ነጥብ አለ፣ 4.5፣ 4፣ 3.5 እያለ ይወርዳል። ሰው ሁሉ እሱን አይቶ ይወስናል። እኔ መጀመሪያ የማየው ከታች ያለውን የመኪና ሥዕል ነው። "ኤ" ጭረት ነው፣ "ዩ" ስርጉድ። እነዚህ አያስፈሩም። "ደብልዩ" ማለት ባትላሜራ ቤት ገብቶ የተጠገነ፣ እጅ የተነካ ቦታ ነው። "ኤስ" ዝገት፣ "ሲ" የበላ ዝገት። ድርብ ኤክስ የተቀየረ አካል። ነጥቡ "አር" ከሆነ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። ግን የራዲያተር መያዣው ተቀይሮም "አር" ይባላል፣ ስለዚህ አትደንግጥ፤ ምኑ እንደተቀየረ አስነብብ። የኋላ ኮሻው (የጎማው የላሜራ ክፈፍ) ላይ "ደብልዩ" ያለበት 4 ነጥብ፣ ንጹሕ ሻንሲ (የመኪናው አጽም) ካለው "አር" የባሰ ነው።

ወረቀቱን ከደላላው ብቻ አትቀበል። ለአንድ ጓደኛዬ የተላከለት ቅጂ ከጨረታው ኦሪጅናል ጋር አልገጠመም። ከሥዕሉ ላይ ምልክቶች ጠፍተዋል። በሻንሲ ቁጥሩ ኦሪጅናሉን የሚያወጡ ሰዎች አሉ፣ ትንሽ ከፍለህ አስወጣ።

ዝገት። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። የጃፓን መኪና ኪሎሜትሩ ዝቅተኛ ነው፣ ላሜራው ግን ከየት እንደመጣ ይወስነዋል። ሆካይዶና ሰሜኑ ክረምት ላይ ጨው ይበተናል። ጨረታው ሳፖሮ ከሆነ ከሥር ፎቶ ሳታይ እጅህን አታንሳ። ሲልቪያ ላይ ኮፈኑን ከፍተህ የሾክ መያዣዎቹን አናት እይ። ከዚያ ክሪክ የሚገባበትን፣ የኋላ ጎማ ኮሻውን፣ የፖርቶባጋልዮውን ወለል። ስቱኮ የተቀባ ነገር ማግኔት አይዝም። ፈታሽ ስትቀጥር ማግኔት ይያዝ በለው።

ሌላው ድሪፍት ነው፣ መኪናን ኩርባ ላይ ሆን ብሎ እያንሸራተቱ መንዳት ማለት ነው። ርካሽ ሲልቪያ ማለት ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ ላይ ያደገ ሲልቪያ ማለት ነው። የኋላ ኮሻው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ ከፊት ያሉት የሻንሲ እግሮች ከተጨማደዱ፣ ዲፈረንሻሉ ከተበየደ፣ ከካምቢዮው ጎን ለተጨማሪ የእጅ ፍሬን የተበሳ ቀዳዳ ካየህ፣ ታሪኩን ነግሮሃል። ከፋብሪካው በኋላ የተቀያየረ መኪና ደግሞ ከሕጉም አንፃር ጣጣ ስላለው በተቻለህ መጠን እንደወጣ ያለውን ፈልግ።

ሞተሩ ራሱ አይከፋም። የታይሚንግ ቼን ነው ያለው፣ ቤልት አይደለም። የሞተሩን የዙር ጫፍ አልፈህ ካጮኸከው ግን የቫልቭ መጫኛዎቹ ከቦታቸው ይዘላሉ። ስፔክ-አር ስድስት ማርሽ ነው፣ ብዙ ሰው እንደ ጥቅም ያየዋል። ጉልበት ለመጨመር ካሰብክ ግን የድሮው አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይበልጥ ይችላል። ቤንዚንም ልብ በል። ጃፓን እስከ 100 ኦክቴን ይሸጣል፣ መለኪያው ግን ከእኛ የተለየ ነው። እኛ ዘንድ 93ን ሙላ፣ ከዚያ በታች አትውረድ።

መኪናው ከገባ በኋላ አናት የሚያዞረው ኢንሹራንስ ነው። የጃፓን መኪና 17 አሃዝ የለውም። "ኤስ15" ብሎ ስድስት ቁጥር ነው፣ አለቀ። የተራው ኢንሹራንስ ኮምፒውተር አይቀበለውም። የቆየ መኪና የሚያስተናግዱ ኩባንያዎች አሉ፣ እነሱ ለምደውታል። ግን ጋራዥ አለህ ወይ፣ ለየቀኑ የምትነዳው ሌላ መኪና አለህ ወይ ይሉሃል። ይህን መርከብ ላይ ሳይጫን ጨርስ።

ቀኝ መሪ ይለመዳል። መጀመሪያ ሰሞን ፍሬቻ ልታበራ መጥረጊያውን ታበራለህ። ሁለት መስመር ላይ ከባድ መኪና መቅደም ግን ቀልድ አይደለም፣ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ጎንህ ያለው ሰው ነው። ምግብ በመስኮት ስትገዛም ከፋዩ እሱ ይሆናል፣ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው።

አዲስ አበባን እርሳው። ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ መንገዱም በቀኝ ነው። ሰፈር ያለችዋን ዲኤክስ ግን አትናቃት። የኋላ ጎማ ገፊ ኮሮላ ናት። ዓለም የሚያብድለት የቶዮታው ኤኢ86፣ ጃፓናዊው የውድድር ነጂ ኬይቺ ሱቺያ ድሪፍት ያስተማረበት፣ ሥረ መሠረቱ ከእሷ ትውልድ የተወሰደ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ እሷኑ ፈልገው የኤኢ86ን ሞተር ይገጥሙላታል።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን? ገንዘቡ ለኤስ15 የሚበቃ ከሆነና ጋራዥ ካለህ፣ ከደቡብ የመጣ፣ ያልተነካካ ስፔክ-አር እጠብቃለሁ። ገንዘቡ የሚንገዳገድ ከሆነ ግን ስፔክ-ኤስ ገዝቼ ራሴን አልሸነግልም፤ ኤስ14 ኬስ አመጣለሁ፣ የወፈረ ነው ብለው የሸሹት ዛሬ ይጠቅመናል። በየቀኑ ሥራ የምትሄድበት ከሆነ ደግሞ 240ኤስኤክሱን ያዝ፤ ዝገት የሌለው ከተገኘ ማለቴ ነው፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ክረምቱ እንደ ሆካይዶ ጨው ባይጠጣም ይጠጣል። የምታየው መኪና ካለ የጨረታ ወረቀቱን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር እዚህ ለጥፈው። የመጨረሻዎቹን የቁጥሩን አሃዞች ሸፍናቸው።