ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ አትውጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኛ ሌሊት ትዝ አለኝ። ከባለቤትሽ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ከፍሎሪዳ ወደ ባሃማስዋ ደሴት ቢሚኒ በሸራ ጀልባ ሌሊቱን ልትሻገሩ ነው። ቀኑን ቆርጣችኋል። ትንበያው ከሰሜን 15 ኖት (በሰዓት 15 የባሕር ማይል፣ ወደ 28 ኪሎ ሜትር) ይላል፣ አንቺም «15 ኖት ያን ያህል ያስፈራል እንዴ?» ብለሻል። መልሴ ጠብቁ ነው።

እኛም በዚሁ መንገድ፣ በዚያው ነፋስ ሄደናል። ሌላ ባሕር ላይ 15 ኖት ደስ የሚል ነፋስ ነው። እዚያ ግን መሃል ላይ ገልፍ ስትሪም አለ። ወደ ሰሜን የሚፈስ ትልቅ የባሕር ውስጥ ወንዝ በይው፤ መሃሉ ላይ 3 ኖት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሮጣል። ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣበት ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ሞገዱም ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ከቁመቱ ይልቅ የሚጎዳው መቀራረቡ ነው። ጀልባዋ ከአንዱ ወርዳ ሳትጨርስ ሌላው ይመታታል።

የወጣነው ማታ 4 ሰዓት ነበር። መንገዱ ወደ 50 የባሕር ማይል ስለሆነ በ5 ኖት ስንሄድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ እንደርሳለን ብለን ነው። ይሄ ሐሳብ ትክክል ነው፣ አትቀይሩት፤ ባሃማስ ዳርቻ ላይ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ድንጋዩንና አሸዋውን ለማየት ብርሃን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ሰላም ነበር። ጅረቱ ውስጥ ስንገባ ነው ሁሉም የተለወጠው። ሌሊት ሞገዱን አታይውም፣ ትሰሚዋለሽ። ድምፁ ከጎን ይመጣና የደህንነት ቀበቶሽን ጨብጠሽ ትጠብቂያለሽ።

እኔ የማቅለሽለሽ ክኒኑን የዋጥኩት ሆዴ መገላበጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ወዲያው አስመለሰኝ፣ ክኒኑም አብሮ ወጣ። ከመነሳታችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውሰዱት፣ ባለቤትሽ «እኔን አይዘኝም» ቢልም። ምክንያቱም እኔ ስወድቅ ያ ሁሉ ሥራ ባለቤቴ ላይ ወደቀ። ሞገዱ ስለሚያሽከረክረን ጀልባዋን በራሱ የሚመራው ኦቶፓይለት መስመሩን መያዝ አቃተው፣ ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሙሉ መሪውን የያዘው እሱ ብቻ ነበር። ሸራውንም ገና ስንነሳ ማሳነስ ሲገባን «ትንሽ ቆይተን» ብለን ትተነው ነበርና በዚያ ጨለማ ወደ ፊት ሄዶ ማሳጠር ነበረበት። ቀበቶው በማሰሪያ ከጀልባዋ ጋር ተያይዟል፣ ቢሆንም እስኪመለስ ድረስ አልተነፈስኩም።

ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ «እኔ የማየውን ታያለሽ?» አለኝ። ቀይና አረንጓዴ መብራት፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ሁለቱን እኩል ካየሽ የመርከቡ አፍንጫ ወደ አንቺ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ግን ድካሙ በዝቶበት መርከቡ ከየት ወደየት እንደሚሄድ መለየት አቅቶት ነበር። የመርከቡን ስም በአካባቢው ያሉ መርከቦችን በሚያሳየው ስክሪን ላይ አንብቤ፣ መርከቦች ሁሉ በሚያዳምጡት የራዲዮ ቻናል 16 ጠራኋቸው። መለሱ፣ አቅጣጫም ቀየሩልን። ያኔ የገባኝ ነገር፣ ከሞገዱ በላይ አደጋ ላይ የጣለን እንቅልፍ ማጣቱ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባይደክማችሁም ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በየሦስት ሰዓቱ ተቀያየሩ። ያልተረኛው ባይተኛ እንኳ ጋደም ይበል። ብቻውን የቀረው ደግሞ ሌላውን ሳይቀሰቅስ ከመሪው አካባቢ ንቅንቅ አይበል። ይሄንን ሳትወጡ ተማማሉ።

ጅረቱ ወደ ሰሜን ስለሚገፋችሁ ከቢሚኒ ደቡብ አነጣጥራችሁ ውጡ። ከተቻለ መነሻችሁን ራሱ ወደ ደቡብ አውርዱት፣ አለበለዚያ ንጋት ላይ ድካም ላይ ሆናችሁ ጅረቱን እየተቃወማችሁ ወደ ደቡብ ትመለሳላችሁ። እኛ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት እንዲያ ነው የጨረስናቸው።

ቀኑን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ የእረፍት ቀናቱ እንዳያልቁበት እንደሚጨነቅ ጽፈሻል። ይገባኛል፣ እኛንም ያስወጣን ይኸው ጭንቀት ነው። ግን ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምሥራቅ ወይም ከደቡብ እስኪነፍስና ከ10 ኖት በታች እስኪሆን ጠብቁ። የሰሜኑ ነፋስ ካቆመ በኋላም ባሕሩ እስኪረጋ አንድ ቀን ጨምሩለት። አዲሱ ቀን ሲቆረጥ ትንበያውን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።