የእድሩ መዝገብ አዲሱ ፓይተን ላይ ለምን እምቢ አለ?

ከጎንደር፣ ከአዘዞ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ የሰፈራችንን እድር መዋጮ የምንመዘግበው ፓይተን 2 በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በተሠራ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ፓይተን 3 ሲጫንበት የአባላቱን ዝርዝር ኤክሴል ወደሚከፍተው የሰንጠረዥ ፋይል፣ ወደ ሲኤስቪ፣ አላወጣ አለ። ‹ባይት ነው የምፈልገው› ይላል። ፋይሉን ባይት እንዲጻፍበት የሚከፍተውን ‹ደብሊውቢ› ጽሑፍ እንዲጻፍበት ወደሚከፍተው ‹ደብሊው› ቀይሬ ስሞቹን ሁሉ ‹ኢንኮድ› ሳደርግ (ወደ ባይት ስለውጥ) ስህተቱ ጠፋ። ፋይሉ ውስጥ ግን በስም ፈንታ ‹ቢ› ፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ገባ።»

ወንድሜ፣ ያንን ፋይል ለገንዘብ ያዡ እንዳትሰጥ። ለመጠገንም አትድከም፤ ዋናው መዝገብ እጅህ ላይ ስላለ እንደገና ታወጣዋለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፓይተን 2 ተራ ጽሑፍ የምንለው ራሱ ባይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ሁለቱን ለያያቸው። ጽሑፍ ማለት ፊደል ነው፤ ባይት ደግሞ ዲስክ ላይ የሚቀመጠው ቁጥር። «ጎ» አንድ ፊደል ነው፣ ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው ስልት፣ በዩቲኤፍ-8፣ ግን 3 ባይት ይወስዳል። አንተ ስሞቹን አስቀድመህ ባይት አደረግሃቸው። ሲኤስቪ የሚጽፈው የፓይተን ክፍል ደግሞ ጽሑፍ ስለሚጠብቅ ባይቱን እንዳለ፣ ከነ‹ቢ›ው፣ ወደ ጽሑፍ ገለበጠው። ስህተቱ አልተፈታም፣ ድምፁ ብቻ ጠፋ። እኔን የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ዝምታ ነው።

«ደብሊውቢ»ን የጻፈው ሰው አልተሳሳተም። የፓይተን 2 ሲኤስቪ የሚፈልገው እሱኑ ነበር። አሁን ግን ስሞቹ ላይ ያደረግኸውን «ኢንኮድ» ሁሉ አጥፋ። ፋይሉን በ«ደብሊው» ክፈት፣ «ኢንኮዲንግ»ን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በል፣ የመስመር ማብቂያውን የሚወስነውን «ኒውላይን» ባዶ ጽሑፍ አድርግ። በቃ። «ኒውላይን»ን ከተውከው ዊንዶውስ ላይ በየአባሉ መካከል ባዶ መስመር ይገባል። «ሲግ» የምትለዋ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ምልክት ታስቀምጣለች፤ ኤክሴል አማርኛውን በትክክል የሚያነበው እሷን አይቶ ነው።

«ኢንኮዲንግ»ን ሳትጠቅስ አትለፍ። ካልጠቀስከው ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ 1252 የሚባለውን የላቲን ፊደላት ሰንጠረዥ ይሰጥሃል፣ እሱ ውስጥ ደግሞ አንድም የእኛ ፊደል የለም። «ቻርማፕ» የሚል ስህተት ካየህ ምክንያቱ ይኼው ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ግን ካልጠቀስከው የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ፣ እንዲህ ባለ የጓደኛህ ላፕቶፕ ላይ ያለችግር ሊሠራ ይችላል፤ አትታለል። ስህተቱን «ኢግኖር» በሚል ትእዛዝ ዝም አሰኘው የሚልህ ሰውም ይኖራል። በፍጹም እንዳትሰማው! ፊደሎቹን እየዘለለ ይጽፍና ብሩ ይቀራል፣ የከፋዩ ስም ግን ባዶ ይሆናል። እድር ውስጥ ይኼ ጠብ ነው።

ደረሰኝ የምታትሙ ከሆነ ስም የሚቆርጠውን መስመርም እየው። ፓይተን 2 ላይ «30» ማለት 30 ባይት፣ ማለትም 10 ፊደል ነበር። አሁን 30 ፊደል ስለሚሆን ስሙ ከደረሰኙ ይወጣል። ቁጥሩን ወደ 10 አውርደው።

ፓይተን 2 ባለው አሮጌውም ፓይተን 3 ባለው አዲሱም ኮምፒውተር ላይ ይሥራ ካልክ መንገድ አለው፣ እኔ ግን አልመክርህም። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መባቻ ላይ አብቅቷል፤ ጠቅልለህ ተሻገር።

ስትጨርስ በዚያው አከፋፈት አዲስ ፋይል ላይ «ጎንደር» የሚለውን ቃል ብቻ፣ መስመር ሳትጨምር፣ ጻፍና መጠኑን እይ። 15 ባይት መሆን አለበት፤ 12ቱ የአራቱ ፊደላት፣ 3ቱ የምልክቷ። ሌላ ቁጥር ካየህ ፋይሉን የምትከፍትበትን መስመር ገልብጠህ ላክልኝ።