«ቀልድ ነው» ሲሉኝ መናደዴ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ወለተ ማርያም ነኝ፣ ከካዛንቺስ። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ የሚወረወርብኝን ቃል እዚህ መጻፍ ያሳፍረኛል። ታክሲው ውስጥ ስገባ ደግሞ ከሹፌሩ ጀርባ «ሴትን ያመነ ጉም የዘገነ» የሚል ጥቅስ ተለጥፎ ይጠብቀኛል። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ቲክቶክ ላይ በሴት የሚቀለድባቸውን ቪዲዮዎች ከፍቶ ይስቃል። ትንሿ ልጃችን አጠገቡ ተቀምጣ አብራው ታያለች። ስናደድ «ቀልድ ነው እኮ፣ ምን ሆነሻል?» ይለኛል። ሲብስም «ሚስቶች ሆይ ተገዙ ይላል መጽሐፉ» ብሎ ይዘጋኛል። በቅርቡ አንድ ጉባኤ ላይ ሰባኪው በሴቶች ጥፍርና ፀጉር ሲቀልዱ ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። መናደዴ ኃጢአት ነው? ቤተ ክርስቲያናችንስ ሴትን ዝቅ አድርጋ ታያለች?

መልስ፦ እኅቴ ወለተ ማርያም፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልሽ።

መናደድሽ ኃጢአት አይደለም። ባለቤትሽ የሚጠቅሰው የኤፌሶን መልእክት ራሱ፣ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ይላል (4፥26)። በንዴት ተነሥተሽ ብትሳደቢ፣ ቂም ብትይዢ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ክብር ሲነካ ግን ልብ መቆጣቱ ጤና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የማይናደደው ነው።

አሁን ወደ ቀልዱ እንምጣ። ቀልድ ጠላቴ አይደለም፤ አበው ራሳቸው ተጫዋቾች ነበሩ። ግን የምናየውን አስቂኝ ድራማ ልብ ብለሽ እይው። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች። አነጋገሯ ያስቃል። ስልክ አያያዟ ያስቃል። አባወራው ኩሽና ገብቶ ሲጎነትላት ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ያቺ ልጅ እኮ እውነተኛ ናት። በዚህ ከተማ ስንት ቤት ውስጥ አለች! እሑድ ጠዋት ፈቃድ ካገኘች ነጠላዋን አጣፍታ ከጎናችን ታስቀድሳለች። ማታ የሳቅንባት፣ ጠዋት አብራን «እግዚኦ ተሣሃለነ» ትላለች። ኩሽና ውስጥ የተጎነተለችው ልጅ በእውነተኛው ቤት ምን እንደሚደርስባት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ የሳቅነው በምኑ ነው?

ማስታወቂያውም ያው ነው። ነገሩ ዘይት፣ ዱቄትና ሳሙና ከሆነ ሴቲቱ ወጥ ቤት ቆማ ፈገግ ትላለች። ባንክ፣ ሲሚንቶና መኪና ሲሆን ወንዱ ክራቫቱን ያስተካክላል። ድሮ ቢራ ሲተዋወቅ ሴት እንዴት ትቀርብ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካስወጣ ወዲህ እሱስ ቀርቷል። ያስወጣው ግን የጤና ነገር ነው፤ የሴቲቱ ክብር አሳስቦን አልነበረም።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ የመጽሐፈ አስቴር የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ብዙዎቻችን ወደ አስቴር ለመድረስ ስንቸኩል አስጢንን ዘለን እናልፋታለን። ንጉሥ አርጤክስስ ትልቅ ግብዣ ደገሰ። በሰባተኛው ቀን፣ ወይን ጠጁ ልቡን ደስ ሲያሰኘው፣ ንግሥት አስጢን ዘውዷን ደፍታ እንድትመጣ ላከባት። ለምን? መልከ መልካም ነበረችና ውበቷን ለሕዝቡና ለአለቆቹ ሊያሳይ። ለምክር አልፈለጋትም። ሰክረው ለተቀመጡ ወንዶች ሊያሳያት ነው። እሷም አልመጣም አለች።

ከዚያ የሆነውን እይ። ንጉሡ ተቆጣ። አማካሪዎቹ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ ምን ብሎ ሰጋ? ይህ ወሬ ከተሰማ በአገሩ ያሉ ሴቶች ሁሉ ባሎቻቸውን ይንቃሉ አለ። አንዲት ሴት «አልታይም» ስላለች መንግሥት ተናወጠ! ለ127 አገሮች ደብዳቤ ተጻፈ፤ ወንድ ሁሉ በቤቱ አለቃ ይሁን የሚል ትእዛዝ ወጣ። ልብ በይ፣ ይህን ያዘዘው እግዚአብሔር አይደለም። በስካር የጀመረ፣ በንዴት የታተመ የአሕዛብ ንጉሥ ዐዋጅ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩን ጻፈልን እንጂ እንዲህ አድርጉ አላለንም። በየቤታችን የሚነገረው «የቤቱ አለቃ እኔ ነኝ» ብዙ ጊዜ ከጳውሎስ ይልቅ ለአርጤክስስ ይቀርባል።

ጳውሎስማ ምን አለ? «ሚስቶች ሆይ» ከማለቱ በፊት፣ ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ቁጥር 21 ላይ፣ ሁሉም በክርስቶስ ፍርሃት እርስ በርሱ እንዲገዛ አዘዘ። ቀጥሎ ለሚስቶች ተናገረ። ለባሎች ሲደርስ ግን የጠየቀው ከባድ ነው፤ ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ እንዲሁ አድርጉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም አገልጋይን በማስፈራራት ልትይዘው ትችል ይሆናል፣ የሕይወትህን አጋር ግን በፍቅር እንጂ በዛቻ አታስራትም ይላል። ጥቅሱን ከመካከሉ ቆርጦ ሚስቱን ዝም ለማሰኛ የሚጠቀም ባል፣ ለእሱ የተጻፈውን ትቶ ለሌላ ሰው የተላከ ደብዳቤ እያነበበ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስማ ይብሳል። ሚስቶቻችሁን የሕይወትን ጸጋ አብረው እንደሚወርሱ አድርጋችሁ አክብሩአቸው ካለ በኋላ ምክንያቱን ሲናገር «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። ሚስቱን የሚያዋርድ ሰው ጸሎቱ ይከለከላል ማለት ነው። ይህን ስብከት ላይ ስንቴ ሰምተሻል? እኔም ብዙ አልሰማሁም።

የታክሲው ጥቅስ ደግሞ አሳቀኝ። የትንሣኤ ዕለት ሴቶቹ ከመቃብሩ ተመልሰው ለሐዋርያት ሲነግሩ፣ ሉቃስ «ይህም ቃል ቅዠት መስሎ ታያቸውና አላመኑአቸውም» ብሎ ጽፏል (24፥11)። ያን ቀን ጉም የዘገነው ማን ነው? ሴቶቹን ያላመነው ነው።

ለከፋውን በተመለከተ፣ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፦ «አለባበሷ ነው»። በእርግጥ ቤተ ክርስቲያን በጨዋነት ልበሱ ትላለች፤ ይህን አልደብቅም። ለወንዱም ለሴቱም ትላለች። ግን ከኪዳን ስትመለስ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ያጣፋች እናትም ትለከፋለች። ነገሩ ልብስ ቢሆን ኖሮ ነጠላው ያስቆመው ነበር። ጌታችንም በማቴዎስ 5 ላይ ስለ ምኞት ሲናገር የተናገረው ለተመልካቹ ነው። ዓይንህ ብታሰናክልህ አውጥተህ ጣላት አለ እንጂ ሴቲቱ ትሸፈንልህ አላለም። ኢዮብም «ከዓይኔ ጋር ቃል ኪዳን ገባሁ» ያለው የራሱን ዓይን ነው። ስለዚህ የፌርማታው ለካፊ ለንስሐ አባቱ የሚናገረው ኃጢአት አለበት። «ተጫወትኩ እንጂ ምን አደረግሁ» አያወጣውም። አንቺ ግን በዚህ ጉዳይ የምትናዘዢው ነገር የለም።

ጾም ስንጾም ሥጋና ወተቱን በደንብ እንተዋለን። ቅዱስ ያሬድ ግን በጾመ ድጓው «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን፣ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ሕሡም» ብሏል። ዓይንም ምላስም ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ማለቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የዋለ ሰው፣ ምሳ እስኪደርስለት ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የሴት ገላ ሲያገላብጥ የሚቆይ ከሆነ ምኑን ጾመው? ስልኩ አንድ ጊዜ ያየህለትን ደጋግሞ ያመጣልሃል፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ጣቱን የሚያቆመው ግን ሰውየው ነው።

ስለ ጉባኤው ያልሽውን ማለፍ አልፈልግም። ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ በእናቶችና በእኅቶች ጥፍር ሕዝብ ማሳቅ ቀላል ነው። ቪዲዮውም ቶሎ ይዞራል። በጉቦ፣ በሚዛን ማጭበርበር፣ ሚስቱን በሚደበድብ ወንድ ላይ ግን እንዲያ ሲቀለድ አልሰማም፤ የተቀመጡት ወንዶች ይከፋቸዋላ። ሰባኪውን በስም አላነሣም፤ እኛ መምህራን ግን ይህን ልንነጋገርበት ይገባል። በየዝክሩና በየማኅበሩ ድስቱ ሥር ማን እንደሚያድር፣ ማይኩን ማን እንደሚይዝም እግረ መንገዳችንን ብናየው። (ክህነት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።)

ቤተ ክርስቲያን ሴትን ዝቅ ታደርጋለች ወይ ላልሽው፣ ገድሎቿን ብታነቢ ይሻላል። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ንጉሥ ሱስንዮስ ሃይማኖት ሲቀይር፣ የንጉሡ ባለሟል የነበረ ባሏንና ምቾቷን ትታ ወጣች። በችሎት ፊት ቀርባ አልለወጠችም። በኋላም መነኮሳትና መነኮሳይያት የሚኖሩበትን ማኅበር መራች። መስከረም 16 መስቀል አደባባይ ደመራ ስንደምርም ንግሥት እሌኒ ፈልጋ ያገኘችውን መስቀል እያሰብን ነው። ባህላችን ግን በጎን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን በዓታ ለማርያምን ታውቂዋለሽ። እቴጌ ጣይቱ ከባላቸው ጎን ያረፉት እዚያ ነው። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ አልደፈር ሲል ውኃው እንዲያዝ የመከሩት እሳቸው ናቸው። ያ ምክር «በወንድ ሳያልቅ» ነው የሠራው። ተረት ስለሆነ ብቻ ትውፊት አይሆንም።

አሁን ምን ታድርጊ? ባለቤትሽን ቪዲዮው ተከፍቶ፣ ሳቁ ላይ እያለ አትናገሪው፤ ወዲያው ክርክር ይሆናል። ልጅቷ ከተኛች በኋላ ረጋ ብለሽ አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ይህን ቀልድ ነገ አንድ ወንድ በልጃችን ላይ ቢናገረው ትስቃለህ?» ካልሰማሽ ሁለታችሁም የንስሐ አባታችሁ ጋ ሂዱ። ከልጅቷ ጋር ስታዩ ደግሞ ዝም ብለሽ አትዝጊው። «ይቺን ልጅ እንዲህ ማለቱ ደስ ይላል?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ልጆች ከምናስበው በላይ ያያሉ። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ነገሩ ከቃል አልፎ ወደ እጅ ከሄደ «ቻይው» የሚልሽን አትስሚ፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ ደኅና ቦታ ያስፈልግሻል፣ ሕግም አለ።

ማስታወቂያውን በተመለከተም እጅሽ ባዶ አይደለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የፆታ እኩልነትንና የሴቶችን ክብር የሚነካ ማስታወቂያን ይከለክላል። አቤቱታ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይቀርባል። ምእመን አቤቱታ መጻፉ ዓለማዊነት አይደለም። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ርስት ሲከለከሉ ሙሴ ፊት ቆመው ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም እውነት ተናገሩ ብሎ ፈረደላቸው (ዘኁ. 27)።

አስቴር ምዕራፍ 1ን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ጥያቄ ካለው እሱም ይጻፍልኝ፤ በዚሁ ዓምድ እመልስለታለሁ።