ዩኤስቢ ካሜራ 70 ሜትር አይሄድም

ሰላም ወንድሜ። ሱቅህ ቸርችል ጎዳና፣ መጋዘኑ ከጀርባ 70 ሜትር ገደማ፤ ያለህን ዩኤስቢ ዌብካም መጋዘን ሰቅለህ ሰው ሲንቀሳቀስ የሱቁ ኮምፒውተር እንዲያስጠነቅቅህ ነው የጠየቅከው። ካሜራ መግጠም እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

ዌብካሙን እርሳው። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር በላይ እንዲሄድ አልተሠራም። ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) እየቀጣጠልክ ብትሄድ እንኳ የሚፈቀደው 5 ሃብ ነው፤ ድምሩ ቢበዛ 30 ሜትር። ሲግናሉ ስለሚደክም ብቻም አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ከካሜራው መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ በጣም አጭር ስለሆነ ገመዱ ሲረዝም መልሱ ሳይደርስ ይቀራል። በኔትወርክ ገመድ ዩኤስቢ የሚያራዝሙ ዕቃዎች አሉ፤ ርካሾቹ ግን ምስሉን ያቆራርጡታል። ምስል በተቆራረጠ ቁጥር ሶፍትዌሩ እንቅስቃሴ መስሎት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቅስህ ያድራል።

የሚያዋጣህ ፒኦኢ ያለው አይፒ ካሜራ ነው፤ ማለትም በኔትወርክ የሚሠራና ኤሌክትሪኩንም በዚያው የኔትወርክ ገመድ የሚቀበል ካሜራ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ዳታውንም ኤሌክትሪኩንም እስከ 100 ሜትር አንድ ላይ ይወስዳል። ገንዘብ ለመቆጠብ 12 ቮልት አዳፕተር ሱቅ ሰክተው በዚያው ቀጭን ሽቦ የሚልኩ አሉ። ሂሳቡን እየው፦ አንዱ ሽቦ በሜትር 0.09 ኦም ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 140 ሜትር ሲሆን ከ12 ኦም በላይ ይሆናል። ካሜራው ግማሽ አምፒር ቢስብ 6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። እንዲህ የተገጠመ ካሜራ ቀን ደህና ይውልና ማታ በጨለማ የሚያይበት የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ድርግም ይላል፤ ሌባው ደግሞ የሚመጣው ማታ ነው። ፒኦኢ ወደ 48 ቮልት ስለሚልክ አምፒሩ ይቀንሳል፤ ለዚያው ካሜራ የሚባክነው 1 ቮልት እንኳ አይሞላም። መብራት ሲጠፋም ሱቅ ውስጥ ስዊቹን (ለካሜራው ኤሌክትሪክ የሚልከውን የኔትወርክ ማከፋፈያ) እና ኮምፒውተሩን የያዘ አንድ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) መጋዘን ያለውንም ካሜራ ያቆየዋል።

መርካቶ ገመድ ስትገዛ በዋጋው አትታለል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ሬዚስታንሱ ከንጹህ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ የሠራነውን ሂሳብ ያበላሽብሃል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል።

ለጥያቄህ ዋይፋይ ይበቃል ብሎ የመለሰልህ ወንድም አይከፋው፤ ሲግናሉን የሚያዳክመውን የአካባቢውን የድሮ ድንጋይ ግድግዳ ያየ ሰው ግን አይለውም።

ገመዱ ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የሚሻገር ከሆነ ክረምት ላይ መብረቅ አለ። በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ አድርግና ከግራውንድ ጋር አገናኘው። ኪስህ ከፈቀደ ፋይበር (ዳታ በብርሃን የሚወስድ የመስታወት ገመድ) ዘርጋ፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ያኔ ግን ለካሜራው መጋዘን ውስጥ ሶኬት ትፈልጋለህ።

ሶፍትዌሩ ላይ፣ እንቅስቃሴ የሚፈተሸው በካሜራው ሁለተኛ አነስተኛ ምስል ይሁን፤ 640 በ480፣ በሰከንድ 5 ፍሬም ይበቃል። ቀረጻው ግን ከዋናው ምስል ይሁን። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራው 60 ላይ ከሆነ ቀይረው፤ አለዚያ ከአምፖሉ የሚመጣው ብልጭልጭታ እንቅስቃሴ ይመስላል። የሸረሪት ድርም ሌንሱን ከጋረደ ማታ በኢንፍራሬዱ እያበራ ያስጮኸዋል፤ አልፎ አልፎ ጥረገው።

ገመዱ የሚያልፍበትን መንገድ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ላክ፤ በቧንቧ ይሂድ በአየር ያን አይቼ እነግርሃለሁ።