ሥራ ለመቀየር ለምታስቡ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህራን

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው በከተማችን ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ወጣቶች ነው። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ ላላችሁት። ብዙዎቻችሁ ጎረቤቶቼ ናችሁ። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። ማታ ያልታረመ የፈተና ወረቀት በፌስታል ይዛችሁ ደረጃ ስትወጡ አያችኋለሁ። የምትጠይቁኝም ያው ነው፤ "ከማስተማር ብወጣ ምን ልሠራ እችላለሁ?"

እኔም ከክፍል ነው የጀመርኩት። ከዚያ ትርጉምና አርትዖት ሠራሁ። በኋላ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኛ ወደ ማሠልጠን ገባሁና በዚያው ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ መውጣት አማረን ስትሉኝ አልቆጣም። ደሞዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ጋር አልገጥም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። "መምህርነት እኮ ክቡር ሙያ ነው" የሚላችሁ ሰው እውነቱን ነው። የቸገረው ሰው ሌላ በር ማንኳኳቱም ግን ነውር አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እንግሊዝኛ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ ሲቪው ላይ "እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ" ብሎ ያልጻፈ ሥራ ፈላጊ ማግኘት ይከብዳል። ቀጣሪ የሚፈልገው እንግሊዝኛን ከሌላ እውቀት ጋር የያዘ ሰው ነው፤ ከጤና፣ ከሕግ፣ ከሒሳብ፣ ከፋብሪካ አሠራር፣ ወይም ከጥሩ አማርኛና ኦሮምኛ ጋር። እናም "ምን ሥራ አለ?" ከማለታችሁ በፊት "ከማስተማሩ ውስጥ የቱን ነው አሳምሬ የምሠራው?" በሉ። አንዱ ሲያብራራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሌላዋ ስታርም አንዲት ነጠላ ሰረዝ አታመልጣትም። ሌላው ተቆጥቶ የመጣ ወላጅን አብርዶ ይሸኛል። ሁሉም የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ የሚያዋጣቸው ሥራ ግን ለየቅል ነው።

እርማት ላይ ጎበዝ የሆናችሁ ትርጉምን አስቡ። ወደ ትርጉም ቢሮ የሚመጣው ሥራ አብዛኛው የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃና የውክልና ወረቀት ነው። እዚያ ከእንግሊዝኛችሁ ውበት ይልቅ ጥንቃቄያችሁ ነው የሚፈተነው። የባለጉዳዩ ስም ገብረሚካኤል ነው እንበል። በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ለእናንተ ግን ትክክሉ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። በአንድ ፊደል ከተለያየ ወረቀቱ ሊመለስበት፣ ቀጠሮውም ሊያልፍበት ይችላል።

ቀን መቀየርም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ይውላል። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነች ማግስት ግን 12 ላይ ይውላል፤ የ2016 አዲስ ዓመት እንደዚያ ነበር። ያቺ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት 21 ትቀጥላለች። ከዚያ በኋላ ትጠፋለች። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ በእንዲህ ያለ ዓመት ኅዳር ላይ የተወለደን ልጅ ልደት በአንድ ቀን ያዛባል። ልጁ አድጎ ፓስፖርት ሲያወጣ ሁለት ልደት ይዞ ይቸገራል።

"ማሽን መጥቷል፣ ትርጉም አከተመለት" የሚሉም አሉ። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በፈረንጆቹ 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ እነ ቻትጂፒቲም መጥተዋል። ቀላሉን ክፍል ማሽን ወስዶታል፤ ይህን አልክድም። የቀረው ማሽኑ የጻፈውን መስመር በመስመር አንብቦ ስህተቱን መያዝ፣ ከዚያም ፈርሞ ኃላፊነት መውሰድ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ለኖረ ሰው ይህ አዲስ ሥራ አይደለም። የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ አስተርጓሚነት ግን ሌላ ዓለም ነው። ፈረንሳይኛ ወይም አረብኛ ከሌላችሁና ረጅም ሥልጠና ካልወሰዳችሁ አትመኙት።

ኦሮምኛ የምትችሉ ደግሞ የያዛችሁትን አታቃልሉ። ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ አዲስ አበባን ከብቦ ተመሥርቷል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ገላን ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። እኛ የምንኖረው ድንበሩ ላይ ነው። ለጥናት መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት፣ የጤና ፕሮጀክት፣ ጠበቃ፣ ሁሉም ሦስቱን ቋንቋ አስተካክሎ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። መናገር የሚችል ሞልቷል፤ አስተካክሎ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ኦሮምኛ የምትናገሩ ነገር ግን የማትጽፉ ካላችሁ፣ ሌላ የእንግሊዝኛ ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ቁቤውን አጥሩ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ወደማታስቡት ሥራ ልውሰዳችሁ። ቂሊንጦ ለቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚሁ በእኛ በኩል ነው። የቂሊንጦው ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ታስቦ የተሠራ ነው። መድኃኒት የሚያመርት ፋብሪካ ደግሞ እያንዳንዱን ሥራ በጽሑፍ መያዝ አለበት። ማሽኑ እንዴት ይታጠባል፣ ማን ያጥባል፣ ማን ይፈርማል፣ ስህተት ቢፈጠር ለማን ይነገራል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። መመሪያው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። የሚሠራበት ልጅ ግን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲነገረው ነው የሚገባው።

ሳሠለጥን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ የእጥበት መመሪያ ተለጥፏል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ረጅም አንቀጽ ነው። ማንም አያነበውም። አዲስ ሠራተኛ የሚማረው ከጎኑ ያለውን እያየ ነው፤ ከጎኑ ያለው ከተሳሳተ እሱም ይሳሳታል። አንቀጹን በታትነን፣ ቁጥር ሰጥተን፣ በአማርኛ አጫጭር መስመር አድርገን መልሰን ለጠፍነው። በየመስመሩ አንድ ግስ ብቻ፦ ዝጋ፣ ንቀል፣ እጠብ፣ አድርቅ፣ ፈርም። ልጆቹ ቆመው እያነበቡ መሥራት ጀመሩ። ያንን ወረቀት ለመጻፍ ኢንጂነር መሆን አላስፈለገም። ያስፈለገው ኢንጂነሩን ጥያቄ በጥያቄ አድርጎ እስኪገባን መጠየቅና የማያውቅ ሰው ምኑ ላይ እንደሚደናቀፍ አስቀድሞ ማየት ነው። ይህን ደግሞ 9ኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስታዩ "እንግሊዝኛ መምህር" የሚል ቃል አትጠብቁ። ሥልጠና፣ ጥራት፣ የሰው ኃይል፣ ዶክዩሜንቴሽን በሚሉት ውስጥ ፈልጉት።

ቤት ለቤት ማስጠናት የለመዳችሁ ብዙ ናችሁ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ በሰፈራችን የወላጅ ጭንቀት ጨምሯል። ሥራው አለ። ግን ሦስት ሰፈር እየሮጡ ማስጠናት ጉልበት ይጨርሳል። ከዚያ ይልቅ በአንድ ነገር ታወቁ። ለምሳሌ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና አስቡ። ንግግሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ ለዚያ የሚያለማምድ አይጠፋም። ጽሑፉ ግን አንድ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ግራፍ የሚገለጽበት ቢያንስ 150 ቃል፣ ቀጥሎ ዋናው፣ ቢያንስ 250 ቃል ይጻፋል። ሁለተኛው በነጥብ የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። ተፈታኙ ግን ግራፉን ሲገልጽ ጊዜው ያልቅበትና ዋናውን በጥድፊያ ይጨርሳል። የተማሪን ጽሑፍ ተቀብሎ፣ ለምን ነጥብ እንዳጣ በኅዳጉ ላይ ጽፎ የሚመልስ አስጠኚ ከተገኘ ሰው ይፈልገዋል። ይህ ከቤት ሳይወጡም ይሠራል።

ውጭ አገር ሄዶ ማስተማርን በተመለከተ ተጠንቀቁ። ቻይናን የመሳሰሉ አገሮች ለእንግሊዝኛ መምህር የሥራ ፈቃድ ሲሰጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ከሆነበት አገር የወጣ ፓስፖርት ነው። ፍትሐዊ አይደለም፤ እውነታው ግን ይኸው ነው። በኢንተርኔት ባለ 120 ሰዓት የማስተማር ሰርተፍኬት ገዝታችሁ በዚያ ብቻ በሩ ይከፈታል የሚላችሁን ደላላ አትመኑ። ሴልታ የሚባለው የካምብሪጅ ሰርተፍኬት የሚከበረው ቢያንስ 6 ሰዓት በትክክለኛ ተማሪ ፊት አስተምራችሁ ስለምትመዘኑ ነው። የቀረበላችሁ ኮርስ ይህ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ።

የሆቴል፣ የአየር መንገድና የቴሌኮም ደንበኞች አገልግሎት ሥራ ለመውጫ ጥሩ ነው። ፈረቃው ግን ከባድ ነው፤ እኛ ከምንኖርበት ዳር ለሌሊት ሥራ መመላለሱን በደንብ አስቡበት። ኮምፒውተር የሚስባችሁ ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነፃ ኮርስ ሞክሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሌላው በሚታገልበት ቦታ እናንተ ትፈጥናላችሁ። ሁላችሁም ፕሮግራመር ሁኑ ማለቴ አይደለም። ከዳታ ጋር መተዋወቁ ግን ለማንኛውም ሥራ ይጠቅማል።

ጥቂቶቻችሁ ደግሞ ባትወጡ ይሻላል። ክፍል ገብታችሁ ስትወጡ ፊታችሁ የሚፈካ፣ የሚያስመርራችሁ ግን ርዕሰ መምህሩ ወይም የትምህርት ቤቱ አሠራር የሆነ አላችሁ። እናንተ መቀየር ያለባችሁ ትምህርት ቤት ነው።

ሲቪ ላይም ትንሽ ልበል። አንዲት ጎረቤቴ የሆነች መምህርት ሲቪዋን አምጥታ አሳየችኝ። "ከ7ኛ እስከ 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ" የሚል አንድ መስመር ነበር። ሳወራት፣ ለትምህርት ክፍሏ የማዳመጥ ፈተና በስልኳ እየቀዳች፣ እያቀናበረች፣ ለሌሎች መምህራንም ስታከፋፍል እንደቆየች ነገረችኝ። ይህን ለምን አልጻፍሽውም ስላት "ሥራ አልመሰለኝም" አለች። ጻፈችው፤ የድምፅ ናሙናም አያያዘች። አሁን የኦንላይን ትምህርት በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። እናንተም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የያዛችሁ፣ ፈተና ያወጣችሁ፣ አዲስ መምህር ያለማመዳችሁ ሁሉ ጻፉት።

ስትወጡ በሥርዓት ውጡ። በግል ትምህርት ቤት ከሆናችሁ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ነው፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ፈተና የሚቀመጡ ልጆች ካሏችሁ ቢቻል ሰኔን ጠብቁ። አዲሱ ቀጣሪም እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሞክራችሁ ስለሚችል ለዚያ ጊዜ የሚሆን ኪራይ በእጃችሁ ይኑር። ጡረታንም አትርሱ። አሁን ከደሞዛችሁ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በግላችሁ ትርጉም ወይም ማስጠናት ስትጀምሩ ያንን 11 የሚከፍልላችሁ የለም፤ ዋጋ ስትተምኑ አስቡት። የሥራ ልምድ ደብዳቤ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ስትቀበሉ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ቀን፣ ያስተማራችሁት ክፍልና ደሞዛችሁ በትክክል መጻፉን ከቢሮው ሳትወጡ አንብቡ። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ካላረፈም በትሕትና አስደግሙት።